ልበ ሰፊውና አምስቱ ሳተላይቶች

ሱሪ ስሰፋ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከጎንደር ፒያሳ እስከ አዘዞ ያልለካሁት ወገብ ጥቂት ነው ልል እፈልጋለሁ፤ ሚስቴ ግን «ወገቡን ነው እንጂ ቁመቱንማ ስትስት ነው የኖርከው» ስለምትለኝ አልልም። ዓይኔ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማሾለክ ካቃተው ወዲህ የስፌት ማኪናዬ ሳሎን ጥግ ቆማ የፎቶ ማስቀመጫ ሆናለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እንግዳ እጠብቃለሁ። እንግዳ ሲመጣ የማጫውተው አንድ ታሪክ አለኝ። ሁለተኛ የመጣ እንግዳ ሁለተኛ ይሰማዋል።

ታሪኩ የሠርጌ ነው። ዳሱ ውስጥ አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ከፊቴ መጥቶ ቆመና እንዲህ ሲል ገጠመልኝ፦

ልበ ሰፊ ሙሽራ፣ ሰው ሁሉ ያወሳው፣
ለሰው ሲለፋ ነው የራሱን የረሳው።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላው ሰው በቤቱ፣ በከብቱ፣ በልጆቹ ይኮራል፤ እኔ በእነዚህ ሁለት ስንኞች ስኮራ ኖሬአለሁ። ልበ ሰፊ ማለት ታጋሽ፣ ቻይ፣ በትንሽ በትልቁ የማይገነፍል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም ሰው ለራሱ ቢያወጣ ይሳቅበታል። እኔ ግን በሕዝብ ፊት፣ በማሲንቆ ነው የተሰጠኝ። ማስረጃውም በካሴት አለ።

ካሴቱን የቀዳው ጎረቤቴ ሀጂ ነው። ሀጂ ከአባት ከአያቱ ጀምሮ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ እሱ ጨርቁን ይሸጣል፣ እኔ እሰፋዋለሁ፣ ደንበኛው ሲያማርር ደግሞ እሱ በስፌቱ ያሳብባል፣ እኔ በጨርቁ። ወዳጅነታችን በዚህ ነው የጸናው። የቤታችን ግድግዳም አንድ ነው። ያኔ ገና ሐጅ ሳያደርግ፣ እንዲያው ጎረምሳ ሳለ፣ አዲስ ቴፕ ይዞ ሠርጌ ላይ መጣና ከሙሽሮቹ መቀመጫ ሥር አስቀምጦ ሲቀዳ ዋለ። ቴፑ ሲያረጅበት ከነካሴቱ ለእኔ ሰጠኝ። የእስፒከሩ ወረቀት ተቀዶ ነበር። የተቀደደ ነገር አይቶ ማለፍ የማይሆንልኝ ሰው ነኝና፣ ከካፖርት ገበር የተረፈ ወፍራም እራፊ ቆርጬ፣ ዙሪያውን በጥሩ ክር ጥቅጥቅ አድርጌ ጣፍኩት። ድምፁ ትንሽ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሆነ እንጂ ይናገር ነበር። የእኔን ሁለት ስንኝ እስከነገረኝ ድረስ ሌላ ምን ያደርግልኛል።

ታዲያ አንድ የሚገርመኝ ነገር ነበር። ታሪኩን በጀመርኩ ቁጥር ሚስቴ አንድ ነገር ትዝ ይላትና ወደ ጓዳ ትገባለች። ሀጂም ካለ ሳል ይይዘዋል። እኔ ቅናት ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ልበ ሰፊ አይደለሁም?

ዘንድሮ ትንሿን ልጃችንን አምባ ጊዮርጊስ ላለ ቤተሰብ ዳርን። የልጁ አባት የወገራ ገበሬ ናቸው፤ ንግግራቸው ጥቂት፣ ዓይናቸው ብዙ። በልጆቹ ሠርግ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ስለነበር ማምለጫ አልነበራቸውም፤ ታሪኬን ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፦

«ሸጋ ነው አያ። ልጃችን ልበ ሰፊ አማት አገኘ ማለት ነው። ቃሉን በጆሯችን ብንሰማው ደግሞ እንዴት ባማረ» አሉ።

«ቤቴ ሲመጡ አሰማዎታለሁ» አልኩ።

«እንመጣለን» አሉ። ለባለቤታቸው ነገሩ። ባለቤታቸው ለእህታቸው ነገሩ። በማግስቱ ዘመድ ሁሉ «አማችየው ልበ ሰፊ ናቸው አሉ» እያለ እጄን ይጨብጠኝ ጀመር። እንግዲህ ስሜ ከጎንደር ወጥቶ ወገራ ገብቷል፤ ማስረጃውን ማቅረብ የእኔ ፈንታ ሆነ። እኔ ወደ ቤት ስገባ ደግሞ ያ የጣፍኩት ቴፕ የውስጥ ላስቲኩ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ተለጥፎ አገኘሁት። ካሴቱ ደህና ነው፤ የሚያናግረው ግን የለም።

ለልጄ ደወልኩ። የበኩር ልጄ ባሕር ዳር ነው የሚኖረው። ችግሬን ሰማኝና፣ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበልን፦ አምስት ሳተላይት፣ አንድ ሰብዉፈር።

«ሳተላይት?» አለች ሚስቴ። «ጣራው ያንን አንድ ዲሽ መሸከም አቅቶት በክረምት ያፈስሳል። አምስት ልትጨምሩበት ነው?»

እኔ የቤቱ አባወራ ስለሆንኩ የማላውቀው ነገር የለም። «ዝም በይ፤ ዲሹ ከሰማይ ይቀበላል፣ እነዚህ ደግሞ ከዲሹ ይቀበላሉ» አልኳት። ልጄ እጁን ሊታጠብ ወጥቶ ሲመለስ፣ አንዷን ሳተላይት በብብቴ ይዤ መሰላል ላይ ሦስተኛው እርከን ደርሼ አገኘኝ።

«አባባ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«ላስራት ነዋ።»

«ሳተላይት የተባሉት በዙሪያዎ ስለሚቀመጡ ነው። ጨረቃ ምድርን እንደምትዞር ማለት ነው። ምድር እርስዎ ነዎት።»

ምድር ነህ መባል ደስ ስላለኝ ወረድኩ።

አምስቱ ሳተላይቶች እያንዳንዳቸው ዳቦ ቢያህሉ ነው። እንዲህ ያለች ነገር ምን ትናገራለች ብዬ ናቅኋቸው። ሰብዉፈር የሚሉትን፣ ሰዉ ባጭሩ ቤዝ የሚለውን፣ በርጩማ የሚያህለውን ሳጥን ግን ወዲያው ወደድኩት። ቀጭኑን ድምፅ ትንንሾቹ ያወጣሉ፣ ወፍራሙን ሳጥኑ፤ ማኅሌት ላይ ከበሮውና ጸናጽሉ እንደሚከፋፈሉት መሆኑ ነው። ልጄ ሽቦዎቹን ከምንጣፍ ሥር ልዘርጋ ሲል አላስቻለኝም። ሽቦ በምንጣፍ ሥር ማለፍ ለዓይን ያስጠላል። የመጋረጃውን ጠርዝ አጥፌ፣ የሱሪ ወገብ ላይ ላስቲክ እንደሚገባበት ዓይነት መሿለኪያ ቀዳዳው ሰፊ በሆነ የጆንያ መርፌ በእጄ ሰፋሁለትና ሽቦውን በዚያ አሾለክሁት። አንድ ክር እንኳ አይታይም። ልጄም «እንዲህ ያለ አላየሁም» አለ፤ አድናቆት መሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት ሚስቴ መጋረጃውን ስትገልጠው ሁለቱ ሳተላይቶች ከመደርደሪያው ተስበው ወርደው ሶፋው ላይ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ወይ ብርሃን አለ ወይ ሙዚቃ አለ።

ልጄ ወደ ባሕር ዳር በተመለሰ ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ የሠርግ ዘፈን ከፈትኩ። የስፌት ማኪናዬ ከብዙ ዘመን ዝምታ በኋላ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ላይዋ ላይ የተደረደሩት ፎቶዎች እየተንፏቀቁ ወደ ጫፍ ሄዱ፤ የአማቴ ፎቶ ቀድሞ ደረሰ። የመርፌ ቆርቆሮዬ ውስጥ ያሉት መርፌዎች ለብቻቸው ዘፈኑ። ብዙም ሳይቆይ ሀጂ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምነው፣ ግድግዳችንን ልታፈርሰው ነው?» አለኝ። «ቡፌ ውስጥ ያሉት ስኒዎቻችን ሰላምታ ይለዋወጣሉ።»

«ዘፈኑስ እንዴት ነው?»

«የምን ዘፈን? ለእኛ የሚደርሰን ዱም ዱም ብቻ ነው። ቃሉን ለራስህ አስቀርተህ ከበሮውን ወደ እኔ ትልካለህ።»

ለልጄ ደውዬ አማከርኩት። እሱ ሳጥኑ ያለቦታው ተቀምጦ ይሆናል አለኝ። «አባባ፣ ቤዙን እርስዎ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ያውጡት። ከዚያ ዘፈን ይክፈቱና ዝቅ ብለው ግድግዳ ግድግዳውን እየዞሩ ያዳምጡ። ሳይጮህ ጥሩ የሚሰማበት ቦታ ሲያገኙ እዚያ ያስቀምጡት።»

እኔ የታዘዝኩትን አድራጊ ነኝ። ሳጥኑን ወንበሬ ላይ አወጣሁት፣ ትራስም ደገፍኩለት። ከዚያ በአራት እግሬ ሆኜ ቤቱን መዳህ ጀመርኩ። ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ ቆማ አየችኝ።

«ምን ጠፋብህ?»

«ድምፅ።»

«በል እንግዲህ ስታገኘው ያንን ባለፈው የጠፋብኝን የጆሮ ጌጥ አብረህ ፈልግልኝ።»

የስፌት ማኪናዋ ሥር፣ ፔዳሉ አጠገብ ስደርስ ድምፁ ተስተካከለ፤ ሳይጮህ ሞላ። ጭንቅላቴን አግብቼ እያጣጣምኩ ሳለ ሀጂ ገባ። ወንበሩን አየ፤ ሳጥኑ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። እኔን አየ፤ ማኪና ሥር ነኝ። ባርኔጣውን አነሣና ለሳጥኑ፦

«እንደምን ዋልክ፣ ጌታው? አሽከርህ ምን አጥፍቶ ነው?» አለው።

ሳጥኑን ፔዳሉ አጠገብ አስቀመጥኩት። የሀጂ ስኒዎችም ሰላም አገኙ። አሁን የቀረው ካሴቱ ብቻ ነው። አዲሱ ዕቃ ካሴት አይበላም፤ ፍላሽ ነው የሚበላው። ፒያሳ ወስጄ ላስገለብጠው መሆኔን ስናገር ሁለቱም፣ ሚስቴም ሀጂም፣ ባንድ ጊዜ ተቃወሙኝ።

«ካሴቱን ተወው» አለች ሚስቴ። «አርጅቷል። ያረጀ ነገር ሲነካኩት ያልታሰበ ነገር ያወጣል።»

«እኔንም ስትነካኪኝ ነው የኖርሽው፤ ምን አወጣሁ?»

«ለዛው ይጠፋል» አለ ሀጂ። «የካሴት ነገር በካሴት ነው የሚያምረው።»

«ለአማቾቼ ቃል ገብቻለሁ። ልበ ሰፊ መሆኔን ሰምተዋል፤ አሁን ደግሞ በጆሯቸው መስማት አለባቸው። ካልሰሙ ውሸታም ሆንኩ ማለት ነው።»

ሁለቱ ተያዩ። ሀጂ ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና፦

«እንግዲያው ስታሰማቸው ቤዙን ከፍ አድርገው» አለኝ። «አዝማሪ በከበሮ ነው የሚደምቀው።»

ገና ከትናንት ወዲያ ስለ ስኒዎቹ ሲያለቅስ የነበረ ሰው ነው እንግዲህ። ይሄኔ እንኳ አልባነንኩም። በስተርጅና ቅናት ይብሳል ማለት ነው ብዬ ካሴቴን በኪሴ ይዤ ወጣሁ።

ፒያሳ ሙዚቃ የምትጭን አንዲት ወጣት አለች። ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ካሴቱን አስነሣችው። «አባባ፣ ጫጫታ አለበት፤ ላጥራልዎ?» አለችኝ።

«ጥርት አድርጊው፣ ልጄ። እያንዳንዷ ቃል ትሰማ።»

ማሽኑን ስትነካካ ቆየች፤ ከዚያ ፈገግ አለች። ትንሽ ቆይታ ቀና ብላ አየችኝ። «ሙሽራው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ ኮቴን እያስተካከልኩ።

ዝቅ ብላ ሱሪዬን እስከ ጫማዬ ድረስ አየች፤ እንደገና ፈገግ አለች። ጫማዬን ያደነቀች መስሎኝ እግሬን ወጣ አደረግሁላት።

አማቾቻችን የመጡት እሑድ ነው። የልጁ አባት፣ ባለቤታቸውና አንድ ማሰሮ ማር። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ተሳሳምን። የእኔ ዓይን ግን ያረፈው በእሳቸው ኮት ላይ ነው፤ በስተግራ በኩል ገበሩ ተተርትሮ ከጠርዙ በታች ወርዷል። የተቀደደ ነገር አይቶ ማለፍ የማይሆንልኝ ሰው መሆኔን ተናግሬአለሁ። አማች ላይ ግን በመጀመሪያ ቀን እጅ አይሰደድም ብዬ ታገስኩ። ይህንንም ልብ ይሉልኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ምሳ ተበላ። ሀጂም ከቤቱ በልቶ ለሻይ ተቀላቀለን። መጋረጃውን ዘጋሁ። አምስቱ ሳተላይቶች በየጥጉ ተሰይመዋል፤ ሳጥኑ ማኪናዋ ሥር ነው። ሪሞቱን ይዤ መሀል ላይ ቆምኩና ትንሽ መግቢያ ንግግር አደረግሁ። ትንሽ ስል ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ ቁልፉን ስጫን መብራት ጠፋ።

ጨለማው ውስጥ አንድ ሰው «ተመስገን» ሲል ሰማሁ። የሚስቴ ድምፅ ይመስላል።

«መብራት ከጠፋ እንግዲህ ሌላ ጊዜ ነው» አለ ሀጂ፤ በጣም ደስ ብሎት።

«ምን ቸገረን፣ አያ፣ እንጠብቃለን» አሉ አማቼ። ገበሬ ዝናብ መጠበቅ የለመደ ነው። ጠበቁ። ሁለተኛ ሻይ ተቀዳ፤ ስለ ገብስ ተወራ፤ መብራቱም መጣ።

መጀመሪያ የመጣው እልልታ ነው። ከኋላ ከነበሩት ሳተላይቶች ሲወጣ የልጁ እናት ማን ገባ ብለው ዞር አሉ። ቀጥሎ ጭብጨባ። ቀጥሎ ማሲንቆው፤ ጅማቱ ሲገዘገዝ ዳሱ ውስጥ የቆምኩ ያህል ተሰማኝ። ያ የጣፍኩት ቴፕ እንዲህ ያለ ነገር በውስጡ እንደነበረ አንድም ቀን አልነገረኝም። አዝማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ቦታዋን ስለማውቃት አፌን ከፍቼ አብሬው ልል ተዘጋጀሁ። አፌ «ልበ» አለ። አምስቱ ሳተላይቶች ግን ባንድ ድምፅ፣ ጥርት አድርገው እንዲህ አሉ፦

ልብስ ሰፊ ሙሽራ፣ ሰው ሁሉ ያወሳው፣
ለሰው ሲሰፋ ነው የራሱን የረሳው።

አፌ ተከፍቶ ቀረ። ሰፊ የምትለዋ ቃል እንግዲህ ፊዋ ስትጠብቅ አንድ ነገር ናት፣ ስትላላ ሌላ። ጠብቃ ልብ ላይ ስታርፍ ሰውዬው ታጋሽ ነው። ላልታ ልብስ ላይ ስታርፍ መርፌና ክር ያዥ ነው። እኔ ደግሞ በዚያች መላላትና መጥበቅ መሀል ዕድሜዬን ጨርሻለሁ።

«ምነው አያ፣ ልብስ ሰፊ አይደል ያለ?» አሉ አማቼ።

«ልበ ነው ያለው» አልኩ። «አዲስ ዕቃ ስለሆነ ገና አልተላመደም። እስቲ ይደገም።»

ደገምኩት። ልብስ ሰፊ። ቤዙን ቀነስኩ፤ ጭራሽ ጠራ። ቤዙን ጨመርኩ፤ ማኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ያም ሆኖ ልብስ ሰፊ።

«ፍላሽ አንዳንዴ ስ ይጨምራል» አልኩ።

«እኔ ስቀዳ የጨመርኩት ነገር የለም» አለ ሀጂ፤ ሳሉን ትቶ በግልጽ እየሳቀ ነበር። «ያቺን ስ የምትለዋን ፊደልማ የደበቅሃት አንተው ነህ። የእስፒከሩን አፍ በካፖርት እራፊ አልጣፍከውም? ስዋ ካፖርት ለብሳ እንዴት ትሰማ?»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ታውቅ ነበር?»

«ዳሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንተ ብቻ እስክስታ ላይ ነበርክ።»

አማቼ ነገሩን እንደ መሬት ዳኛ ነው የያዙት። ጣታቸውን አነሡና «ቆይ፣ ልብስ ሰፊውስ ይሁን። ሲሰፋ የረሳው የራሱ ምኑን ነው?» አሉ።

ይህን ጥያቄ ነበር የፈራሁት። የሚዜዎቼን ሱሪ ስሰፋ አድሬ ለራሴ ጊዜ አጥሮኝ ነበር። የአንዱን እግር ጠርዝ ሰፋሁ፤ የሌላኛውን ለጊዜው በረጃጅም ክር ወስውሼ ለበስኩት። ማታ ሳወልቀው ክሩ ተበጥሶ ጠርዙ ወርዶ አየሁ። ያየኝ ሰው ስላልነበረ አምላኬን አመስግኜ ተኛሁ። እስከዚያች እሑድ ድረስ ማንም እንዳላየኝ ነበር የማውቀው።

«ሱሪውን ነዋ» አለች ሚስቴ፤ እኔን ሳታይ። «አንዱ እግር ጫማውን ሸፍኖታል፣ ሌላው ካልሲውን ያሳያል። እስክስታውን ሲወርድ ደግሞ ረጅሙን እየረገጠ ያነክስ ነበር። ሰው አዲስ ስልት መሰለው።»

የልጁ እናት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። እኔ ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ሳተላይቴ፣ እንዲመሰክሩልኝ በጠራኋቸው ሰዎች ፊት ስሜን ተገፈፍኩ። ሪሞቱን ወርውሬ ልወጣ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው። አማቼ ያንን ብዙ ዓይናቸውን ጣሉብኝና ዝግ ብለው፦

«አያ፣ እንግዲህ የማሲንቆውን ቃል ሰምተናል። ልብዎ ሰፊ ይሁን ጠባብ አሁን በዓይናችን እናየዋለን» አሉ።

ተይዣለሁ። ብቆጣ አለቀልኝ። ብስቅ ደግሞ አፌ እምቢ አለ። ሪሞቱን እንደያዝኩ መሀል ላይ ቆሜ ስወዛገብ ፍላሹ መሄዱን አላቆመም ነበር። የልጁ እናት እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይቺ የምትስቀው ማናት?»

ሁላችንም ጆሯችንን ጣልን። እውነትም ከስንኙ በኋላ፣ ከእልልታው ሥር፣ አንዲት ቀጭን ሳቅ አለች። ታፍና የምታመልጥ፣ ደግማ የምትታፈን፣ ደግማ የምታመልጥ። በአሮጌው ቴፕ አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም። መለስኩት። ሳቂታዋ ለመቅጃው ቅርብ ነበረች፤ ሀጂ ቴፑን ያስቀመጠው ደግሞ ከሙሽሮቹ መቀመጫ ሥር ነው። ከዚያ መቀመጫ እኔ ተነሥቼ እስክስታ ላይ ነኝ። የቀረችው አንዲት ሰው ናት።

ዞር ስል ሚስቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባዋለች።

«ሙሽሪት ትስቃለች እንዴ?» አልኩ። በእኛ ዘመን ሙሽራ ማልቀስ ነበረባት፤ ቢያንስ አንገቷን ደፍታ መዋል።

«አንገቴን ደፍቼ ነዋ» አለች። «ቀና እንዳትዪ፣ መሬት መሬቱን እዪ ተባልኩ። መሬት መሬቱን ሳይ ያንተ ሱሪ መጣ። ምን ላድርግ?»

ሀጂ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«ፊትህን በደንብ አይቼው አላውቅም ነበር» አለች፤ አሁንም በነጠላዋ ውስጥ። «ቁጡ ነው ብለው አስፈራርተውኝ ነበር። ያንን ሱሪ ካየሁ በኋላ ግን፣ ይሄንንማ አልፈራውም አልኩ።»

«ታዲያ ልበ ሰፊ ነኝ ስል ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ቁጡ መሆንህስ እውነት ነበራ። ካሴቱን ሰምተህ ልበ ሰፊ ተባልኩ ስትል ጊዜ፣ በተቆጣህ ቁጥር "ልበ ሰፊ አይደለህ እንዴ?" እልህ ጀመር። ወዲያው ትበርዳለህ። ወጥ ሲያርርብኝም በርደሃል። ሥራ ላይ ያለ ስም ለምን ብዬ ላበላሽ?»

ሳቅ የመጣብኝ ያኔ ነው። ከሆዴ ነው የመጣው፤ ልክ ከዚያ ሳጥን እንደሚወጣው። አማቼ እንደተፈረደ ጉዳይ ራሳቸውን ነቀነቁና ተነሥተው ኮታቸውን አወለቁ።

«እንግዲህ ልበ ሰፊነቱ ይቆይልን። ልብስ ሰፊ መሆንዎ ከተረጋገጠ ይቺን ገበር ይዩልኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ዓይንዎን አልነቀሉላትም።»

ፎቶዎቹን ከማኪናዬ ላይ አነሣሁ። ሚስቴ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አሾለከችልኝ፤ ያቺን እኔ የማልችላትን ሥራ ባንድ ትንፋሽ። ፔዳሌን ረገጥኩ። ሀጂ ሪሞቱን ወስዶ ከመጀመሪያው ከፈተው፤ እግሬም ከሳጥኑ ጋር እኩል ይመታ ጀመር። ማሲንቆው፣ ስንኙ፣ እልልታው። ሁሉም እየጠበቁ ነው፤ እኔም ጭምር።

«ከበሮውን ቀንሱት» አለች ሚስቴ። «ሳቄን ዋጠው።»

ፔዳሉን ለቀቅኩ፤ ሀጂም ቤዙን ቀነሰ። ሳቋ ከአምስቱም ጥግ መጣች።

ማምሻውን እንግዶቻችንን አውቶቡስ ድረስ ሸኘናቸው። አማቼ ኮታቸውን ለብሰው፣ ገበሩ እንደ አዲስ ሆኖ፣ ምርቃት አዥጎደጎዱልኝ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አያ፣ ሰላም አደሩ? ገበሩ ሸጋ ነው። ኪሴን ግን ምነው ደፈኑት? የቤቴ ቁልፍ ውስጡ ነው፤ ትናንት ማታ ደጅ ላይ ቆመን ከባለቤቴ ጋር ብንጎረጉር ብንጎረጉር መግቢያ የለውም።»

«ታዲያ እንዴት ገባችሁ?»

«የልጄ ሚስት፣ ልጅዎ፣ ከአጠገባችን ካለው ቤታቸው መጥታ በምላጭ ተረተረችልን። አባቴ የሰፋውን መተርተር ከልጅነቴ የለመድኩት ነው አለችን።»

ይቆጡኝ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ስልኩ ውስጥ የመጣው ሳቅ ነው፤ የእሳቸው ወፍራሙ፣ ከኋላ የባለቤታቸው ቀጭኑ፣ ከእነሱም ኋላ የልጄ። ልበ ሰፊ የሚለውን ስም በዚያው ስልክ ወደ ወገራ አሻገርኩላቸው። እኔ ከነስዋ ልብስ ሰፊ ሆኜ ቀርቻለሁ።